ልቦለድ ወደ ፊልም ሲሸጋገር፦ የኬንያው ታሪክና ሁለቱ መደምደሚያዎች

አንድ ልቦለድ ወደ ፊልም ሲለወጥ አንባቢያን አስቀድመው የሚያነሱት ጥያቄ «ፊልሙ ለመጽሐፉ ታማኝ ነው ወይ?» የሚል ነው። ይሁንና በመቶዎች በሚቆጠሩ ገጾች የተዘረጋ ታሪክ ሳይቆረጥና ሳይቀየር በሁለት ሰዓት ፊልም ውስጥ ሊገባ አይችልም። ስለዚህ ታሪኩ በማን ዓይን እንደሚታይ፣ ምን እንደተቆረጠና እንዴት እንደሚቋጭ መመርመሩ የበለጠ ይጠቅማል።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የእንግሊዛዊው ደራሲ ጆን ለካሬ «ዘ ኮንስታንት ጋርድነር» ነው። ልቦለዱ በአውሮፓውያኑ 2001 የታተመ ሲሆን ብራዚላዊው ፈርናንዶ ሜሬሌስ ያዘጋጀው ፊልም በ2005 ለዕይታ በቃ። ፊልሙ ለአራት የኦስካር ሽልማቶች ታጭቶ ሬቸል ቫይስ በምርጥ ረዳት ተዋናይትነት አሸንፋበታለች።

የሁለቱም መነሻ አንድ ነው። የናይሮቢው የብሪታኒያ ዲፕሎማት ጀስቲን ኩዌይል ባለቤት ቴሳ፣ ሰሜናዊ ጫፉ ኢትዮጵያን በሚነካው በቱርካና ሐይቅ አቅራቢያ ተገድላ ትገኛለች። አትክልት ከመንከባከብ ያለፈ ነገር ሲያሳስበው የማይታየው ባል ምክንያቱን መፈለግ ሲጀምር፣ በድሃ ኬንያውያን ሕሙማን ላይ የሚሞከር የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒትን ጉዳይ ይደርስበታል።

በማን ዓይን?

ልቦለዱ የሚጀምረው በጀስቲን አይደለም። የቴሳን መሞት አንባቢው መጀመሪያ የሚሰማው ለእርሷ የተደበቀ ምኞት ካለው የባለቤቷ የሥራ ባልደረባ ከሳንዲ ውድሮው ጋር ነው። በዚህም ለካሬ የኤምባሲውን ዓለም፣ ጨዋነቱንና ፈሪነቱን ከውስጥ ሆኖ ያሳያል።

ሜሬሌስ ግን ፊልሙን የሚከፍተው ባልና ሚስቱ ሲሰነባበቱ በማሳየት ነው። ቴሳ በመጽሐፉ ውስጥ በሰዎች ትዝታና በተዋቸው ሰነዶች በኩል የምትታወቅ ሟች ስትሆን፣ በፊልሙ ላይ በሕይወት ትንቀሳቀሳለች፤ ትከራከራለች፤ ትስቃለች። የፖለቲካ ሴራው ወደ ፍቅር ታሪክ ያደላውም በዚህ ምክንያት ነው።

የተቆረጠው

በመጽሐፉ ጀስቲን ማስረጃ ፍለጋ እስከ ጣሊያንና ካናዳ ይጓዛል። የካናዳው ክፍል የመድኃኒት ኩባንያ ገንዘብ የምርምር ተቋማትን እንዴት ዝም እንደሚያሰኝ የሚያብራራ ነው። ፊልሙ ይህን ጉዞ ትቶታል። ተመልካቹ ወንጀሉን ቢያይም ወንጀሉን የሚያስችለውን አሠራር የሚረዳው በጥቂቱ ነው።

ቃሉን ሳይነኩ ልቦለድን ወደ ሌላ መድረክ ማሻገር አይቻልም ማለት ግን አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሀዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ የደራሲው ዓረፍተ ነገር ከነለዛው አድማጭ ዘንድ ደርሷል። ሬዲዮ ጊዜ ነበረው፤ በተከታታይ ክፍሎች ማንበብ ይችል ነበር። ፊልም ይህን ትዕግሥት የለውም፤ በምትኩ ያለው ምስል ነው።

ካሜራው የጨመረው

ምስሉ ቀላል ነገር አልጨመረም። መጽሐፉ የታተመው ዳንኤል አራፕ ሞይ ፕሬዝዳንት በነበሩበት ጊዜ ሲሆን፣ ቀረጻው የተካሄደው ሥልጣን ከለቀቁ በኋላ እዚያው ኬንያ ውስጥ ነው። በኪቤራ መንደር መካከል በእጅ እየተያዘ የሚንቀሳቀሰው ካሜራ የነዋሪዎቹን ፊት ያሳያል። የፊልሙ ባልደረቦችም ቀረጻው በተካሄደባቸው በኪቤራና በሎያንጋላኒ ትምህርትን የሚደግፍ የበጎ አድራጎት ተቋም መሥርተዋል።

ሆኖም አንድ ክፍተት በሁለቱም ሥራዎች ይታያል። መድኃኒቱ ተሞክሮባት የምትሞተው ኬንያዊቷ ዋንዛ ታሪኳን በራሷ አንደበት አትተርክም። በመጽሐፉም በፊልሙም ስለ እርሷ የሚሟገቱት ሌሎች ናቸው።

ሁለቱ መደምደሚያዎች

ትልቁ ልዩነት ያለው ፍጻሜው ላይ ነው። ጀስቲን በሁለቱም ሥራዎች ይገደላል፤ አሟሟቱም ራሱን እንዳጠፋ ተደርጎ ይነገራል። በፊልሙ ግን ለንደን ውስጥ በተዘጋጀው የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ላይ የቴሳ ዘመድ፣ ሴራውን የሸፈነውን የከፍተኛ ባለሥልጣኑን የፔሌግሪንን ደብዳቤ በሕዝብ ፊት ያነባል። ባለሥልጣኑ ተጋልጦ ይወጣል።

በልቦለዱ እንዲህ ያለ ቅጽበት የለም። ሰነዶቹ ለሚመለከታቸው ቢደርሱም ጉዳዩ ይድበሰበሳል። ፔሌግሪን የመንግሥት ሥራውን ትቶ በመድኃኒት ኩባንያ ከፍተኛ ኃላፊነት ያገኛል።

ፊልሙን ብቻ ያየ ሰው እውነት ዘግይታም ቢሆን እንደምትወጣ አምኖ ከአዳራሹ ይወጣል። መጽሐፉን ያነበበ ግን ማስረጃ መሰብሰቡ ብቻውን ፍትሕን እንደማያመጣ ይረዳል። ለካሬ ሰዎቹንም ኩባንያዎቹንም ልብ ወለድ መሆናቸውን በመጽሐፉ ማብቂያ ገልጿል። ያም ሆኖ ድሃ ሕሙማን ለሙከራ ሲዳረጉ ማን ይጠየቃል የሚለውን ጥያቄ ልቦለዱ ሳይመልስ ይተወዋል፤ ፊልሙ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሰው በአደባባይ ሲያፍር በማሳየት ይመልሰዋል። ሁለቱን አከታትሎ ያነበበና የተመለከተ ሰው ይህን ልዩነት ማስተዋል አይሳነውም።