ከመጋረጃው ፊት የተነበበ ወረቀት

ባለፈው ክረምት ኮልፌ ቀራንዮ ያለውን ቤታችንን ስናድስ ከድሮ የፋርማኮሎጂ ደብተሬ ውስጥ ለሁለት የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። በምረቃችን ሰሞን ባዘጋጀነው የድራማ ምሽት፣ መጋረጃው ሳይከፈት ፊቱ ቆሜ ያነበብኩት ግጥም ነው። ግማሹ ተቀዷል። የተረፈው ይሄ ነው፦

ዛሬ ብንቀልድም፣ ቂም አትያዙብን፤
ነገ ራውንድ አለ፣ ጥያቄ አይብዛብን።

መምህራኖቻችን ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል። እነሱን መስለን ልንጫወት ነውና አስቀድመን ይቅርታ መለመናችን ነበር። ያኔ እኛ የፈጠርነው መስሎን ነበር።

ለካ እንግሊዞች አራት መቶ ዓመት ቀድመውናል! በሼክስፒር ዘመን ጥቁር ካባ የደረበ ሰው ብቅ ብሎ በግጥም ጸጥታ ይለምን ነበር። «ሮሜዎና ዡልዬት» የሚከፈተው በ14 መስመር ግጥም ነው፤ ፍቅረኞቹ እንደሚሞቱ ገና ከመጀመሩ ይነግረናል። በ«ቴምፐስት» መጨረሻ ደግሞ ፕሮስፔሮ ብቻውን መድረክ ላይ ቀርቶ በጭብጨባችሁ ነፃ አውጡኝ ይላል። የሚፈራው ተመልካቹን ነው፤ ተመልካቹ ካልወደደው እንጀራው የለም።

ፓርላማው በ1642 እ.ኤ.አ. ዘግቷቸው የነበሩት ቲያትር ቤቶች በ1660 ሲከፈቱ ሴቶችም መድረክ ላይ ወጡ። ከመዝጊያ ግጥሞች ሁሉ የምወደው ያኔ የመጣ ነው። በ1669 በድራይደን «ታይራኒክ ላቭ» ላይ ኔል ግዊን ሞታ ተዘርግታለች። ሬሳዋን ሊያነሡ ሲመጡ ብድግ ብላ ተሸካሚውን ትቆጣና መዝጊያ ግጥሟን ታነባለች። ሞት ማረጋገጥ ሥራዬ ስለሆነ እንዲህ ያለ ሬሳ አንድ ቀን እንኳን ቢገጥመኝ ደስታዬን አልችለውም።

እኛ አገር ግን ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ፊታውራሪ (በኋላ በጅሮንድ) ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሩሲያ ተምረው ከተመለሱ በኋላ በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን አዲስ አበባ ውስጥ ቴራስ ሆቴል አሳዩ። የላፎንቴንን መንገድ ተከትለው የሹማምንቱን ጉድ በአውሬዎች አፍ አናገሩት። ሽፋኑ አውሬ ቢሆንም ከፊት የተቀመጡት መኳንንት የማን ፊት እንደሆነ ለማወቅ አልተቸገሩም። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ አገዱት፤ መጽሐፉም ተሰበሰበ። የቱንም ያህል ትሕትና ያለው መክፈቻ ቢነበብለት ከዚያ ያድነው ነበር ብዬ አላምንም። የእኛ መምህራን ሲስቁ ያመሸነው ትንሽ ነገር ስለነካን ይሆናል።

ከእሳቸው ቀጥሎ የመጡት ዮፍታሔ ንጉሤ የደብረ ኤልያስ የቅኔ ቤት ልጅ ስለነበሩ ግጥምና ዜማን መድረክ ላይ ለማምጣት ፈረንጅ እስኪያስተምራቸው አልጠበቁም። እንዲያውም ከሥራው ወጥቶ ሰውን በቀጥታ መለመን ለእኛ የቆየ ልማድ ነው። የድሮ ብራና መጨረሻው ላይ ለጻፈው፣ ላስጻፈው፣ ላነበበውና ለሰማው ምሕረት ይለምናል። ጸሐፊው ብርዑን ከማስቀመጡ በፊት አንገቱን ቀና አድርጎ እኛን ያየናል ማለት ነው። ፕሮስፔሮ ጭብጨባ ሲለምን፣ ይሄኛው ጸሎት ይለምናል።

ልዩነቱ ብራና አይጠፋም፣ የመድረክ ወረቀት ግን ይጠፋል። ለንደን ውስጥ የመክፈቻና የመዝጊያ ግጥሞች ለብቻቸው በነጠላ ወረቀት ታትመው እስከ መሸጥ ደርሰዋል፤ ዛሬ የምናነባቸውም ለዚህ ነው። የእኛ ግን ኪስ ውስጥ ገብቶ ከጋውን ጋር ይታጠባል። የእኛ ባች መዝጊያ ግጥም የት እንዳለ አላውቅም። ያነበበው ጓደኛችን ዛሬ ውጭ አገር ነው፤ ደውዬለት ነበር፣ የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ያስታውሳል። ከኛ በፊትም በኋላም በየዓመቱ እንዲህ ያለ ምሽት ነበር፣ በየዓመቱም አንድ ሰው ከመጋረጃው ፊት ቆሟል። እንግዲህ ደብተራችሁን አገላብጡ፤ ያገኛችሁትን ለመገናኛው ቀን ይዛችሁ ኑ፣ የተቀደደም ቢሆን። የእኔን ግማሽ ይዤ እመጣለሁ።