ችካሉ ወደ ሰማይ ሲወጣ

ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደውን የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ጣሊያን በወረራው ዘመን ሲያስቆርጥ፣ ቀያሽ በመነጽር አልሞ ችካል ይተክላል፤ ቆፋሪው ችካሉን አይቶ ይቆርጣል። ወልከፊት የመሸገው ጦር መስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ መንገዱ ግን ቀረ።

ዛሬ ችካሉ ሳተላይት ሆኗል። አሜሪካ የሲቪሉን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብላ ማዛባቷን በ1992 ዓ.ም. አቆመች። የዶዘሩ አንቴና በአቅራቢያው ከተተከለ ማረሚያ ጣቢያ ጋር ሲገናኝ ስሕተቱ ወደ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ኦፕሬተሩም ብሌዱ ከዲዛይኑ ስንት እንደቀረው በስክሪን ያያል። ግሩም ነው!

ግን ማሽኑ ሰማይ ማየት አለበት። እንደ ሊማሊሞ ባለ ቦታ ገደሉ የሰማዩን ግማሽ ይጋርዳል፤ ሳተላይት ሲጎድል ቁጥሩ ይዋልላል። ወጣቱን ኦፕሬተር አስቀድሞ በችካልና በሲባጎ ማሠራት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የጣቢያው መነሻ ነጥብ በስሕተት ከገባማ ስክሪኑ ምንም ሳይጠረጥር መንገዱን በሙሉ አዛብቶ ያስቆርጣል።