ነጩ ሰማይና ጥቁሩ ሰማይ

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው አባባል ከሰው እጅ የራቁትን ሁለቱን በአንድነት ያስቀምጣል። የፎቶግራፍ መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ በገባ ጊዜ ግን ፈጥኖ የደረሰው ወደ ንጉሡ ነበር። በ1868 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ከመሐንዲሶቹ ጋር ፎቶግራፍ አንሺዎችን አስከትሎ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አዲስ አበባ የገባው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ደግሞ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ለመሆን በቃ፤ ሙያውንም ልጆቹ ወረሱት። ከእነዚያ ዘመናት የተረፉትን ፎቶግራፎች ያየ ሰው መኳንንቱን፣ ድንኳኑንና ተራራውን በጥራት ያገኛቸዋል። ሰማዩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ወረቀት ይመስላል።

ለመሆኑ ያ ሁሉ ፎቶግራፍ የተነሳው ደመና በሌለበት ቀን ነበርን? አልነበረም። ችግሩ ከሰማዩ ሳይሆን ከመስተዋቱ ሰሌዳ ነበር። በሰሌዳው ላይ የሚቀባው ኬሚካል ለሰማያዊ ብርሃን እጅግ ስሱ ሲሆን ለቀይ ግን ዕውር ነበር ማለት ይቻላል። መሬቱ በደንብ እስኪወጣ ድረስ ብርሃን ሲገባ ሰማዩ ከልክ በላይ ይነጣና ደመናው በንጣቱ ውስጥ ይጠፋል። የጀንበር ግባት ቅላትማ ጨርሶ አይመዘገብም ነበር። በ1850ዎቹ ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ የባሕር ዳርቻ ፎቶግራፎችን ሲሠራ፣ በአንዳንዶቹ ባሕሩን በአንድ ሰሌዳ፣ ሰማዩን በሌላ ሰሌዳ አንስቶ ኋላ በአንድ ወረቀት ላይ ለማጋጠም የተገደደው በዚሁ ምክንያት ነው።

በነሐሴ 1883 በኢንዶኔዥያ የክራካቶዋ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ወደ ላይ የተወረወረው ብናኝ ዓለምን ዞሮ፣ በለንደን ሳይቀር የምሽቱን ሰማይ ለወራት ደም አስመሰለው። ይህን ድንቅ ለትውልድ ለማቆየት የቻለው ግን ካሜራ አልነበረም። ዊልያም አስክሮፍት የተባለ ሠዓሊ በቴምዝ ወንዝ ዳር ቆሞ፣ ምሽት በምሽት፣ በቀለም ጠመኔ ከ500 በላይ ንድፎችን ሣለ። ለቀይ ብርሃን የነቃው ሰሌዳ በእንግሊዝ አገር ለገበያ የቀረበው በ1906 ነው። ከዚያ በኋላ በካሜራው ዓይን ፊት ቢጫ ወይም ቀይ ማጣሪያ መስተዋት ማድረግ ሲለመድ፣ ሰማያዊው ጠቆር እያለ ነጩ ደመና ጎልቶ ወጣ።

የደመና ስም ግን ከፎቶግራፉ ቀድሞ ነበር። በ1802 የለንደኑ መድኃኒት ቀማሚ ሉክ ሃዋርድ ደመናን በላቲን ቃላት እንደ ጠጉር የሚበታተን፣ እንደ ክምር የሚቆለልና እንደ ምንጣፍ የሚዘረጋ ብሎ ከፈለው። በ1896 የታተመው ዓለም አቀፍ የደመና አትላስም እነዚህን ስሞች ከሥዕል ጋር አቀናጅቶ፣ በየትኛውም አገር ያለ ታዛቢ አንዱን ደመና በአንድ ስም እንዲጠራው አስቻለ።

ደመናን ለውበቱ ብቻ ማንሳት በሥነ ጥበብነት የታወቀው ደግሞ ከ1922 ጀምሮ አሜሪካዊው አልፍሬድ ስቲግሊትዝ መሣሪያውን ወደ ሰማይ ባቀና ጊዜ ነው። ስቲግሊትዝ ደመናን የመረጠበትን ምክንያት ሲያስረዳ፣ ደመና ለሁሉም ሰው በነጻ የተሰጠና እስካሁን ግብር ያልተጣለበት መሆኑን ጠቅሷል። ይህ ንግግር የሞያሌን ሰው ፈገግ ማሰኘቱ አይቀርም። በ1907 ስምምነት መነሻነት በተሰመረ ወሰን ለሁለት በተከፈለች፣ ጨውና ስኳሩ፣ ከብትና ጨርቁ ሁሉ በኬላ በሚፈተሽባት ከተማ፣ ያለ ቀረጥ ወዲያና ወዲህ የሚያልፈው ደመና ብቻ ነው።

ሞያሌ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ሦስት ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ርቃ ስለምትገኝ ጀንበሯ ወደ አድማስ የምትወርደው ቀጥ ብላ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ትጠልቃለች፤ ወጋገኑም ከ20 ደቂቃ እምብዛም አይዘልቅም። በደቡብ ምዕራብ በኩል እስከ ዲዳ ገልገሉ ድንጋያማ ሜዳ ድረስ መሬቱ ዝቅ እያለ ስለሚሄድ ዓይንን የሚጋርድ ነገር ጥቂት ነው። በፊልም ዘመን ግን ይህን ለማንሳት የሚደፍር ብዙ አልነበረም። አንድ ጥቅል ፊልም ቢበዛ 36 ፎቶግራፍ ነው፤ ለልደት፣ ለሠርግና ለመታወቂያ የተቆጠበውን በደመና ላይ ማባከን እንደ ቅብጠት ይታይ ነበር። በምሥራቅ አፍሪቃ ከተሞች በነበሩ ስቱዲዮዎች ደንበኛው የሚቆመው ብዙ ጊዜ ሰማይና ደመና በተቀባበት መጋረጃ ፊት ነበር። እውነተኛው ሰማይ ከደጅ ቆሞ የተቀባው ከውስጥ ይነሳ ነበር ማለት ነው። የእጅ ስልክ ካሜራ ይህን ወጪ ካስወገደ ወዲህ ማንም ሰው ቆም ብሎ ምሽቱን ማንሳት ይችላል። ደስታውም እውነተኛ ነው፤ የነገው ምሽት የዛሬውን አይደግመውምና።

ይሁን እንጂ በዚህ ምድር ሰማይን መመልከት ከካሜራ በፊትም ሙያ ነበር። በኦሮምኛ «ዋቃ» የሚለው ቃል ሰማይንም ፈጣሪንም ይጠራል፤ «ዋቃ ጉራቻ»፣ ማለትም ጥቁሩ ዋቃ፣ የሚለው አጠራርም ዝናብ ካዘለው ሰማይ ጋር የተያያዘ ነው። አስመሮም ለገሰ በ1973 ባሳተመው የገዳ ጥናት እንደገለጸው፣ አያንቱ የተባሉት የቦረና የዘመን አዋቂዎች ጨረቃን ከሰባት ከዋክብት ወይም የከዋክብት ስብስቦች ጋር እያስተያዩ ወራቱን ይቆጥራሉ። ለአያንቱው ደመና ከዋክብቱን የሚሸፍን እንቅፋት ነው። ለከብት አርቢው ግን ተስፋ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ረጅሙን፣ ከጥቅምት እስከ ኅዳር ደግሞ ሐገያ የተባለውን አጭሩን ዝናብ ይጠብቃል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ የሚደምነው ሰማይ ጥቂት እንጂ እንደማይሰጥም ያውቃል።

ከ2020 መጨረሻ እስከ 2023 መጀመሪያ አምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ ሲከሽፉ፣ በማርሳቢትም በቦረናም ከብት እንደ ቅጠል ረገፈ። በዚያ ወቅት ጥርት ባለ ሰማይ ላይ በወርቅ ቀለም የጠለቀች ጀንበር ለአንዱ የሚነሳ ውበት፣ ለሌላው ያለ ዝናብ ያለፈ አንድ ተጨማሪ ቀን ነበረች። ሁለቱም አልተሳሳቱም።

ሌላም ካሜራ አለ። ከጥር 2010 ጀምሮ በማርሳቢት፣ ከ2012 ጀምሮ ደግሞ በኢትዮጵያ ቦረና የተጀመረው የእንስሳት መድን ካሣ የሚከፍለው የሞተውን ከብት ቆጥሮ ሳይሆን፣ ሳተላይት ከላይ ሆና የምታነሳውን የግጦሽ አረንጓዴነት ለክቶ ነው። ለዚህች ሳተላይትም ደመና እንቅፋት ነው፤ ሣሩን ይጋርድባታል። ስለዚህ የብዙ ቀናት ምስሎች ተጣምረው ከደመና የጸዳው ክፍል ብቻ ይመረጣል። የጥንቱ ሰሌዳ ሳይወድ ያጠፋውን ደመና የዛሬው ስሌት ሆን ብሎ ያስወግደዋል።

ደመናውን ከምድር እንደሚታየው መዝግቦ የማቆየቱ ነገር እንግዲህ በምድር ቆሞ ወደ ላይ ለሚያነሳው ሰው የተተወ ነው። የ1868ቱን ፎቶግራፎች የሚመረምር ሰው፣ በዚያ ቀን ሰማዩ ዝናብ አዝሎ እንደሆነ ከነጩ ባዶ ሊያነብ አይችልም። የዛሬው የሞያሌ ምሽትም ቀኑና ቦታው ሳይጻፍበት፣ በማግሥቱ ዘንቦ ወይም ሳይዘንብ መቅረቱ ሳይመዘገብ ከተቀመጠ፣ ከ50 ዓመት በኋላ ለሚያየው ያማረ ቀለም ከመሆን አያልፍም። ከፎቶግራፉ ሥር የምትጻፍ አንዲት መስመር ግን ለአድናቂውም ለከብት አርቢውም ልጅ የምታገለግል ምስክር ታደርገዋለች።