የጸደይ አበቦችን በብርድ ወራት በቤት ውስጥ የማስፈካት ዘዴ

ቱሊፕ፣ ዳፎዲል፣ ሃያሲንትና ክሮከስ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ጸደይ ሲገባ በደጅ የሚያብቡ፣ ከኮረት የሚበቅሉ አበቦች ናቸው። ኮረት እንደ ሽንኩርት ራስ በአፈር ውስጥ የሚገኝ፣ ለቀጣዩ ዕድገት ምግብ የሚያከማች የተክሉ ክፍል ነው። እነዚህን አበቦች ወቅታቸው ሳይደርስ በቤት ውስጥ ማስፈካት ይቻላል። ይህ የሚሳካው ግን ኮረቱ አስቀድሞ በቂ የብርድ ጊዜ ሲያገኝ ነው።

ብርድ የሚያስፈልግበት ምክንያት

የቱሊፕ የዱር ዝርያዎች በብዛት የሚገኙት ብርድ በሚጸናባቸው የመካከለኛው እስያ ተራሮች ነው። የቱሊፕ እንቡጥ ኮረቱ በሚያርፍባቸው ሞቃት ወራት በውስጡ ይፈጠራል፤ አገዳው በወጉ እንዲረዝም ግን ለሳምንታት የዘለቀ ቅዝቃዜ ይሻል። ብርዱ ሳይሟላለት ወደ ሙቀት የገባ ኮረት አገዳው ያጥራል፤ አበባው በቅጠሎቹ መካከል ይታፈናል፤ ወይም እንቡጡ ሳይፈካ ይደርቃል።

የብርዱ መጠንና ጊዜ

ተስማሚው ሙቀት ከ2 እስከ 9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የሚፈለገው ጊዜ እንደ አበባው ዓይነት ይለያያል፦

• ቱሊፕና ዳፎዲል፦ ከ12 እስከ 16 ሳምንት
• ክሮከስ፦ ከ12 እስከ 15 ሳምንት
• ሃያሲንት፦ ከ10 እስከ 14 ሳምንት
• ነጭ ናርሲሰስና አማሪሊስ፦ ብርድ አያስፈልጋቸውም። ናርሲሰሱ ከተተከለ ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ አማሪሊስ ከ6 እስከ 10 ሳምንት ባለው ጊዜ ያብባል።

በአዲስ አበባ ሌሊቱ ቢቀዘቅዝም ቀኑ ስለሚሞቅ ይህን ያህል የዘለቀ ቅዝቃዜ አይገኝም፤ የቤት ማቀዝቀዣ መጠቀም ያስፈልጋል። ኮረቱ በረዶ ከሚሠራው ክፍል መራቅ አለበት። እንደ ሙዝና ፖም ያሉ የሚበስሉ ፍራፍሬዎች የሚያወጡት ኤትሊን የተባለ ጋዝ እንቡጡን ስለሚገድል ኮረትና ፍራፍሬ በአንድ ማቀዝቀዣ አይቀመጡም።

የአሠራር ቅደም ተከተል

1. ጠንካራ፣ ያልሻገተና ያልቆሰለ ኮረት ይመረጣል።
2. ከሥሩ ውኃ ማሳለፊያ ቀዳዳ ባለው ማሰሮ፣ ልል በሆነ አፈር ውስጥ ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ይተከላል። ጫፉ ከአፈሩ ጥቂት ብቅ ማለት ይችላል።
3. ውኃ ጠጥቶ ጨለማና ቀዝቃዛ በሆነ ቦታ ይቀመጣል። አፈሩ መድረቅም መጨቅየትም የለበትም።
4. የብርዱ ጊዜ ሲሞላ፣ ሥሩ በቀዳዳው ሲታይና ቡቃያው ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ሲደርስ፣ ለአንድ ሳምንት ያህል 15 ዲግሪ አካባቢ ሙቀትና ለስላሳ ብርሃን ወዳለበት ክፍል ይዛወራል።
5. ቀጥሎ ብርሃን ወደሚያገኝ መስኮት ይቀርባል። ከብርድ ከወጣ በኋላ ባሉት ከ2 እስከ 4 ሳምንታት ይፈካል።

ለምሳሌ መስከረም 21 ቀን ወደ ብርድ የገባ ቱሊፕ ታኅሣሥ 29 ቀን 14 ሳምንት ይሞላዋል፤ አበባውም በጥር ወር ይጠበቃል።

ከአበባው በኋላ

በቤት ውስጥ የፈካ ቱሊፕ ኮረቱ ስለሚዳከም በአብዛኛው ዳግም አያብብም። ዳፎዲልና ሃያሲንት የአየር ንብረቱ በሚስማማቸው አገሮች በደጅ ቢተከሉ ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ ሊያብቡ ይችላሉ።

ጥንቃቄ

የእነዚህ አበቦች ኮረት ሽንኩርት ይመስላል፤ ነገር ግን አይበላም። የዳፎዲል፣ የናርሲሰስና የአማሪሊስ ኮረት ላይኮሪን የተባለ መርዝ ስላለው ማስታወክና የሆድ ሕመም ያስከትላል። ስለዚህ ከምግብ ተለይቶ፣ ምልክት ተደርጎበትና ሕፃናትና የቤት እንስሳት ከማይደርሱበት መቀመጥ አለበት። የበላ ሰው ካለ ሳይዘገይ ወደ ሕክምና ተቋም ይወሰዳል፤ የቀረው ኮረትም አብሮ መወሰዱ ለሐኪሙ ይረዳል። የሃያሲንትና የቱሊፕ ኮረት ቆዳን ሊያሳክክ ስለሚችል በጓንት መያዝ ይገባል።

ከውጭ አገር ለሚያስገቡ

ኮረትና በላዩ የቀረ አፈር የተክል ተባይና በሽታ ሊያዛምቱ ይችላሉ። በመሆኑም ኮረት ወደ ኢትዮጵያ ለማስገባት አስቀድሞ የማስገቢያ ፈቃድ ማግኘት፣ ከላኪው አገር የእጽዋት ጤንነት ሰርተፍኬት ማቅረብና በመግቢያ ኬላ ለኳራንቲን ምርመራ ማሳየት ያስፈልጋል። ይህ ለስጦታ በሻንጣ የሚመጣውንም ይመለከታል። የብርዱ ዝግጅት ወራት ስለሚወስድ ፈቃዱን ከግዢ በፊት መጠየቅ ይመረጣል።