በአጠገብ ያለውን ሆስፒታል አልፎ መሄድ፦ የለንደን የስትሮክ ሕሙማን ዝውውር

ስትሮክ ወደ አንጎል ደም የሚያደርስ ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የሚደርስ ድንገተኛ ሕመም ሲሆን፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አብዛኛው ጊዜ በዚህ ሕመም የወደቀን ሰው ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው ለማዘዋወር የሚያበቃ ምክንያት እምብዛም አልነበረም፤ ሐኪሙ በቅርብ ባለው ሆስፒታል አስተኝቶ ከማስታመም ያለፈ የሚያደርግለት ብዙ ነገር አልነበረውምና። የተዘጋውን ሥር ከፈነዳው በቀላሉ ለይቶ ማየት የተቻለውም ሲቲ ስካን፣ ማለትም አንጎልን በኤክስሬይ ስልት በንብርብር ከፋፍሎ በኮምፒዩተር የሚያሳይ መሣሪያ፣ ከተሠራ በኋላ ነው። በመሣሪያው ለመጀመሪያ ጊዜ ሕመምተኛ የተመረመረው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሆን፣ ቦታውም በደቡብ ምዕራብ ለንደን የነበረው አትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል ነው።

ጉዞውን የሕክምናው አካል ያደረገው ግን መድኃኒት ነው። በ1995 በአሜሪካ የታተመ ጥናት አልቴፕሌዝ የተባለው የረጋ ደም አሟሚ መድኃኒት ሕመሙ በጀመረ በ3 ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ ከአካል ጉዳት የመዳንን ዕድል እንደሚጨምር አሳየ፤ በ2008 የወጣ የአውሮፓ ጥናትም ገደቡን ወደ 4 ሰዓት ተኩል አራዘመው። መድኃኒቱ ሥሩ ለፈነዳ ሰው አደገኛ በመሆኑ አስቀድሞ ሲቲ ስካን መነሣት የግድ ነው፤ ስለዚህ ሌሊትም ሆነ በበዓል ቀን መሣሪያውና ባለሙያው ያልተዘጋጁበት ሆስፒታል፣ በሽተኛው ደጃፍ ቢሆን እንኳ፣ ለእርሱ ሩቅ ነው።

ለንደን ይህን ከልብ የተቀበለችው በ2010 ነው። 30 ያህል ሆስፒታሎች ይሰጡት የነበረው የመጀመሪያ ሰዓታት የስትሮክ ሕክምና ሃይፐርአኪዩት በተባሉ 8 ልዩ ክፍሎች ተጠቃለለ፤ ከእነዚህም አንዱ የአትኪንሰን ሞርሊ አገልግሎት በ2003 የተዛወረበት ቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል ነበር። የአምቡላንስ ሠራተኞች የፊትን መጣመም፣ የክንድን መዛልና የአንደበትን መተሳሰር አይተው ስትሮክ ከጠረጠሩ፣ ቅርቡን ሆስፒታል አልፈው በ30 ደቂቃ ጉዞ ወደሚደረስበት ልዩ ክፍል እንዲወስዱ ታዘዙ። በሽተኛው እስከ 72 ሰዓት ከቆየ በኋላ ወደ ሰፈሩ የስትሮክ ክፍል ይመለሳል፤ ቀሪው ማገገሚያ ቤተሰብ ሊጠይቀው በሚችልበት ቦታ እንዲሆን መታሰቡ የዕቅዱ ሰብአዊ ገጽ ነው። በአጠገብ ያለው በር እየታየ ማለፍ የሚያስጨንቅ ቢሆንም፣ መለኪያው በሩ ላይ መድረስ ሳይሆን መድኃኒቱ ክንድ ውስጥ እስኪገባ ያለው ጊዜ ነው።

ታላቋ ማንቸስተር በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ለውጥ ብታደርግም፣ ወደ ልዩ ክፍሎቹ በቀጥታ የምትልከው ሕመሙ ከጀመረ ከ4 ሰዓት ያልበለጠውን ብቻ ነበር። በ2014 የታተመ ንጽጽር እንዳሳየው፣ ሕሙማን ተኝተው የሚቆዩበት ጊዜ በሁለቱም ከተሞች አጥሯል፤ በሌላው እንግሊዝ ከታየው የበለጠ የሞት ቅናሽ የተመዘገበው ግን በለንደን ብቻ ሲሆን፣ ይህም በዓመት ወደ 96 ሰው ይገመታል። ማንቸስተርም በ2015 ሁሉንም ሕሙማን ወደ ልዩ ክፍሎቹ መላክ ጀመረች።

በዚያው ዓመት ግን አዲስ ጥያቄ ተነሣ። በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ የረጋውን ደም ከአንጎል ሥር ጎትቶ የሚያወጣው ትሮምቤክቶሚ የተባለ ሕክምና ትላልቅ ሥሮች ለተዘጉባቸው ሰዎች እንደሚበጅ በተከታታይ ጥናቶች ተረጋገጠ። ይህን የሚሠሩ ማእከሎች ከልዩ ክፍሎቹም ያነሱ በመሆናቸው፣ መድኃኒቱን በመጀመሪያው ሆስፒታል አስጀምሮ በሽተኛውን በአምቡላንስ ወደ ሁለተኛው መላክ ተለመደ። መጀመሪያውኑ በቀጥታ መውሰድ ይሻል እንደሆነ በካታሎኒያ ከትላልቅ ከተሞች ውጭ በ1,401 ሰዎች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ በ2022 ታትሟል፤ በቀጥታ ከተወሰዱት ብዙዎቹ ትሮምቤክቶሚ ሲያገኙ አልቴፕሌዝ ያገኙት ግን አንሰዋል፣ ከ90 ቀን በኋላ በሁለቱ ወገኖች የአካል ጉዳት መጠን ላይም ጉልህ ልዩነት አልታየም።