ወደ ውሃ የሚወርድ ሰው መሣሪያና የአመራረጡ ታሪክ



ሰው የየብስ ፍጡር ሆኖ ሳለ ከውሃ ጋራ ያለውን ጉዳይ ትቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ለመሻገር፣ አንድ ጊዜ ዓሣ ለማጥመድ፣ አንድ ጊዜም ከገጹ በታች የተሰወረውን ለማየት ወደ እርሱ ይወርዳል። በዚህ ዘመን ደግሞ አየር በጀርባው ተሸክሞ በባሕር ውስጥ እየተነፈሰ መዋኘትን ተምሯል። ይህን ጥበብ ለመጀመር የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ «ምን መሣሪያ ልግዛ?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ያለ ዕውቀት የተገዛ መሣሪያ የወር ደመወዝን ብቻ ሳይሆን ሕይወትንም ሊያስከፍል ይችላልና። ስለዚህ ለመልሱ እንዲረዳን ታሪኩን ከምዕራብ ጎጃም ጀምረን እንመርምር።

«ባሕር የሌለው ጎጃም ለዚህ ነገር ምን ምስክርነት አለው?» ይሉ ይሆናል። ነገር ግን የግሽ ዓባይ ምንጭ የሚገኘው በዚሁ አገር፣ በሰከላ ወረዳ ነው። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው እስጳንያዊ ካህን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1618 ከአፄ ሱስንዮስ ሠራዊት ጋራ ወደዚያ በደረሰ ጊዜ፣ ጥልቀቱን ለማወቅ ጦር ወደ ምንጩ አስገባ። በአንደኛው የምንጭ ዓይን ጦሩ ከሥር የሚነካው ነገር አገኘ፤ በሁለተኛው ግን ሁለት ጦር አስሮ ቢያወርድም መጨረሻውን አላገኘም። ይህች ነገር ትንሽ ትመስላለች፤ ሆኖም የጥበቡ ሁሉ መጀመሪያ ናት። ወደ ውሃ የሚገባ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የውሃውን ጠባይ መለካት አለበት፤ መሣሪያ የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው።

በፍኖተ ሰላም አጠገብ የሚያልፈው ላህ፣ ብርም፣ በቡሬ በኩል ያለው ፈጣምም መጨረሻቸው ዓባይ ነው። ከቡሬ ወደ ወለጋ የሚወርደው መንገድም የሚያቋርጠው ይህንኑ ታላቅ ወንዝ ነው። ድልድይ ባልነበረበት ዘመን በዓባይ መሻገሪያዎች ላይ ዋና የሚያውቁ ሰዎች የተነፋ ስልቻ ታቅፈው ይሻገሩ፣ የመንገደኛውንም ዕቃ በቁርበት ጠቅልለው እየገፉ ያሻግሩ ነበር። ስልቻው ቀዳዳ ያለበት እንደ ሆነ ጉዳቱ የሚገለጠው በወንዙ መካከል ነው፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ መመለስ የለም። መሣሪያ የሚፈተነው በዳር ነው ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

ይህ ዘዴ የእኛ ብቻ አይደለም። የአሦር ንጉሥ ዳግማዊ አሹርናሲርፓል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ9ኛው መቶ ዓመት ከነነዌ በስተ ደቡብ በኒምሩድ በሠራው ቤተ መንግሥት ውስጥ ያስቀረጸው የድንጋይ ሥዕል ዛሬ በለንደን በብሪታንያ ቤተ መዘክር ይገኛል። በእርሱም ወታደሮች ስልቻ ታቅፈው ወንዝ ሲዋኙ ይታያሉ። አንዳንዶች እነዚህ ሰዎች ከስልቻው አየር እየሳቡ ከውሃ በታች ይሄዱ ነበር ብለው ተርጉመውታል። የዓባይ ዋናተኛ ይህን ቢሰማ ግን ይስቅ ነበር፤ አየር የተሞላ ስልቻ ሰውን ወደ ላይ ያነሣዋል እንጂ ወደ ታች አያወርደውምና። መንሳፈፊያና መተንፈሻ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው፤ ጀማሪው ይህን መለየት ይገባዋል።

መተንፈሻውን ለማግኘት ብዙ ዘመን ፈጅቷል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1830ዎቹ አውጉስቱስ ዚቤ የብረት ቆብ ያለው የጠላቂ ልብስ ሠራ፤ ጠላቂው ግን አየር ከላይ በቱቦ ስለሚላክለት እንደ ታሰረ በቅሎ ከገመዱ ርዝመት አያልፍም ነበር። በ1943 ፈረንሳዊው የባሕር ኃይል መኮንን ዣክ ኢቭ ኩስቶና መሐንዲሱ ኤሚል ጋኛን ይህን እስራት ፈቱ። ጋኛን በጦርነቱ ወራት ቤንዚን ስለ ጠፋ መኪና በጋዝ እንዲሄድ ያዘጋጀው መቆጣጠሪያ ነበረው፤ እርሱን ለጠላቂ አስማሙት። ሬጉሌተር የሚባለው ይህ መሣሪያ በሲሊንደር የታመቀውን አየር ጠላቂው በሳበ ጊዜ ብቻ፣ በውሃው ግፊት ልክ ይሰጠዋል።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። በመጀመሪያ የሚገዛው ሲሊንደር ሳይሆን መነጽር ነው። መነጽሩ አፍንጫን ጭምር የሚሸፍን ይሁን፤ በባሕር 10 ሜትር ሲወርዱ ግፊቱ እጥፍ ስለሚሆን ከአፍንጫ አየር በመስጠት ማስተካከል ያስፈልጋልና። ለመፈተን ማሰሪያውን ሳያጠልቁ ከፊትዎ ላይ ያድርጉትና በአፍንጫዎ ይሳቡ፤ እጅዎን ሲለቁት ካልወደቀ ተስማምቶዎታል። ቀጥሎ የእግር መቅዘፊያና የጎማ ልብስ ይመጣሉ፤ እነዚህ እንደ ጫማ በልክ የሚገዙ ናቸው። አየር የሚነፋው ሰደርያ፣ የስልቻው የልጅ ልጅ ብንለው ማጋነን አይሆንም፤ እርሱና ሬጉሌተሩ ግን ትምህርት ካለቀ በኋላ ይገዙ። ሬጉሌተሩ አየር ላለቀበት ጓደኛ የሚሰጥ ሁለተኛ አፍ ያለው ይሁን። ሲሊንደሩን መከራየት ይበቃል፤ የተፈተነበት ቀን በላዩ የታተመ መሆኑን ግን ይመልከቱ። ትንፋሹን ይዞ ከጥልቅ የሚወጣ ሰው ሳንባው ሊቀደድ ይችላል፤ ከዚህ የሚያድነው ትምህርት እንጂ ውድ ዕቃ አይደለም።

ለእኛ ለደገኞች ደግሞ አንድ ልዩ ማስጠንቀቂያ አለ። ጠላቂ ከጥልቅ በሚተነፍስበት ጊዜ ናይትሮጅን የተባለው የአየር ክፍል በግፊት ወደ ሥጋው ይገባል፤ ግፊቱ በድንገት ሲቀንስ አረፋ ሆኖ ይጎዳዋል። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው። ከ300 ሜትር በላይ ባለ ውሃ ለባሕር የተዘጋጀው ሰንጠረዥ ስለማይበቃ፣ የከፍታውን ስሌት የሚያውቅ የመጥለቂያ ኮምፒውተር ያሻል። ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትምና ጀማሪው ወደ ጂቡቲ ይወርድ ይሆናል። ከዚያ ሲመለስም በአውሮፕላንም ሆነ በምድር ባቡር ወደ ደጋው ከመውጣቱ በፊት ከ18 እስከ 24 ሰዓት ማረፍ ይገባዋል። ለዕረፍት የተፈቀዱትን ቀናት ሲቆጥሩ ይህችን ቀን አስቀድመው ያስቡባት። የክረምቱን ድፍርስ ዓባይ ግን ማንኛውም መነጽር አያጠራውም፤ አዞውም መሣሪያ አይቶ አይመለስም።

በጣና የደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ከሥራው ሲመለስ ታንኳውን ከውሃ አውጥቶ ያደርቃታል፤ ውሃ የጠጣ ደንገል ሰው አይሸከምምና። ጠላቂውም ዕቃውን በንጹሕ ውሃ አጥቦ በጥላ ያድርቅ። እንግዲህ፣ ክቡር አንባቢ፣ ሥርዓቱ ከጥንት ጀምሮ አንድ ነው፤ ውሃውን መለካት፣ ጥበቡን መማር፣ መሣሪያውን በዳር መፈተን። ኪስዎን የሚከፍቱት ከዚህ ሁሉ በኋላ ይሁን።