ሰደድ እሳትና የባሌ ደን

በጋው ከገባ ወዲህ በካምፓችን የማታ ወሬ ሁሉ ስለ እሳት ሆኗል። ጎጆ ከጎጆ፣ ሸራ ከሸራ ተጠጋግቶ፣ ዙሪያውን ያለው ሣር ደርቆ ሲንኮሻኮሽ እያየ ማን ዝም ይላል? ከዚህ ወሬ መካከል ግን አንድ አባባል ደጋግሜ ሰማሁ። እሳት የሚያስነሣው ያልተማረው ገጠሬ ነው፤ እርሱን መከልከል ነው እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም ይባላል። ይህን የሚሉት ወዳጆቼ ናቸው። እኔም በመምህራን ማሠልጠኛ እንዲሁ ተምሬ፣ ለልጆችም እንዲሁ አስተምሬአለሁ። ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ያስተማርሁትን ለማረም ነው፤ ምስክሬም የባሌ ደን ነው።

ከጎባ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚጓዝ መንገደኛ በመጀመሪያ ጥዱንና ኮሶውን፣ ቀጥሎ አስታ የሚባለውን ቁጥቋጦ አልፎ፣ 4000 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ከሳነቴ አምባ ላይ ይወጣል። ከአምባው ማዶ መንገዱ ቁልቁል ሲወርድ ሐረና ይቀበለዋል። ላይኛው አስታ፣ መካከሉ ቀርከሃ፣ ታችኛው የዱር ቡና የሚበቅልበት ጥቅጥቅ ደን ነው። በዚህ ደን ውስጥ ሰው የለም ብሎ የሚያስብ ካርታ ብቻ ያየ ሰው ነው። ከብት አርቢው ወቅት እየጠበቀ ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከደጋ ወደ ደን ከብቱን ይዞ ይዘዋወራል፤ ሥርዓቱን በኦሮምኛ ጎዳንቱ ይሉታል። ማር ቆራጩ ቀፎውን ከዛፍ ላይ ይሰቅላል፤ ቡና ለቃሚውም በየዓመቱ ይመጣል።

ለእነዚህ ሰዎች እሳት እንደ መጥረቢያ ያለ የሥራ መሣሪያ ነበር። አስታ ሲያረጅ ከከብት አፍ በላይ ያድጋል፤ አውሬም ይሸሸግበታል፤ ከብት የሚመርዝ አባ ጨጓሬም ይራባበታል። ስለዚህ እረኛው ያቃጥለዋል፤ አስታውም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የታተመ የስዊድንና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ጥናት ይህንኑ መርምሮ፣ ከ3500 ሜትር በላይ ባለው የአስታ ምድር አንድ ቦታ በአማካይ በየ10 ዓመቱ እንደሚቃጠል ገልጿል። ከሁሉም ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው። እረኞቹ እሳት የሚለኩሱት የተቃጠለ ቦታ በአጠገቡ መኖሩን አይተው ነው። ከተቃጠለ ከ1 እስከ 4 ዓመት የሆነው ምድር ገና የሚነድ ነገር ስለማይበዛበት እሳቱ እዚያ ሲደርስ ይሞታል። እንደ ተጣፈ ጋቢ አንዱ ቦታ አሮጌ፣ ሌላው አዲስ ይሆናል ማለት ነው። ስለ ዳገቱ፣ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ቅጠሉ እርጥበት ጠንቅቀው ያውቃሉ። የጥናቱ ሰዎች ክልከላው በሙሉ ቢከበር አስታው ያለ ማቋረጥ ገጥሞ፣ አንድ ቀን ማንም የማይመልሰው ቃጠሎ ሊነሣ እንደሚችል አስጠንቅቀዋል። ማሠልጠኛ ሳለሁ ይህን የነገረኝ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ። ላይኛው አስታ እሳት የለመደ ምድር ነው፤ ታችኛው እርጥብ ደን ግን አይደለም። እርጥቡ ደን ድርቅ በርትቶ እሳት ከገባበት፣ ነበልባሉ እንደ ሣር እሳት አይዘልም፤ በረገፈው ቅጠልና በሥሩ ባለው ጥቁር አፈር ውስጥ እየተሳበ ሥር ይበላል። ጠፋ ሲሉት ከቀናት በኋላ ከሌላ በኩል ይጨሳል፤ ሥሩ የተበላው ዛፍም ቆሞ ሰንብቶ ይወድቃል። ይህን እሳት በቅርንጫፍ መምታት አይበግረውም። እስከ ባዶው አፈር ድረስ ቦይ ቆፍሮ፣ ሥሩን በመጥረቢያ ቆርጦ መክበብ ያሻል።

አሁን ወደ ሕጉ ልለፍ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬት የሕዝብ የጋራ ሀብት ሆነ። ጭሰኛው ተጠቀመ፤ ይህን አልክድም። የደኑ ጉዳይ ግን ለየት ይላል፤ ትላልቁ ደን በተግባር የመንግሥት ሆነ፣ ነዋሪውም በገዛ ደኑ ባይተዋር ሆኖ ቀረ። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ጠባቂው ሲጠፋ በብዙ ቦታ ደኑ የተጨፈጨፈው ስለዚህ ይመስለኛል፤ የእኔ ነው የሚል አልነበረምና። ከዚያ በኋላ የመጡት አዋጆችም፣ የ1986ቱ ቁጥር 94 ሆነ የ1999ኙ ቁጥር 542፣ እሳትን በክልከላ ነው የተመለከቱት። በኋለኛው በደን ላይ እሳት ለኩሶ ጉዳት ያደረሰ ከ10 እስከ 15 ዓመት ይታሰር ነበር። ለክፉ አድራጊው ተገቢ ይሆናል። ግን እስቲ አስቡት፤ ቀፎ ሲያጨስ ፍም የወደቀበት ሰው ይህን ቅጣት እያወቀ ሮጦ ጎረቤት ይጠራል? ወይስ ዝም ብሎ ቤቱ ይገባል?

የ1992 ዓ.ም. ቃጠሎ በዚህ ሁኔታ ላይ ነው የመጣው። በልጉ ቀርቶ በደቡብና በምሥራቅ ድርቅ ነበር፤ ሠራዊቱም በሰሜን ጦርነት ላይ ነበር። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ በባሌና በቦረና ከመቶ ሺህ ሄክታር ያላነሰ ደን ነደደ። መንግሥት ዘገየ ብለው በአምቦና በሌሎች የኦሮሚያ ከተሞች ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ፤ ታሰሩ፣ የሞተም ነበር። በኋላ ገበሬው፣ ወታደሩና ተማሪው በአስር ሺዎች ተሰማራ። ከጀርመን፣ ከደቡብ አፍሪካና ከአሜሪካ ባለሙያዎች መጡ። ቃጠሎውን በስተመጨረሻ የረዳው ግን የዘገየው ዝናም ነበር።

እኔ ያን ጊዜ ጎባ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። በቀትር ፀሐይዋ እንደ በሰለ ብርቱካን ቀልታ ትታይ ነበር። አባቴ ከሠፈሩ ወንዶች ጋር በጭነት መኪና ተጭኖ ሄዶ፣ በስምንተኛው ቀን ቅንድቡ ተቃጥሎ ተመለሰ። የነገረን ነገር አልረሳውም። አንድ ኃላፊ ሰዎቹን ሁሉ በዳገቱ ራስ ላይ አሰልፎ ከላይ ወደ ታች እንዲመቱ አዘዘ። እሳት ሽቅብ እንደሚሮጥ የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ፣ "ልጄ፣ ከዚህ አውጣቸው፤ ሌሊት ጤዛው ሲወርድ ከጎንና ከጎን እንያዘው" አለው። ኃላፊው አልሰማም። ሁለት ጊዜ ከሸሹ በኋላ ግን የሽማግሌው መንገድ ተያዘ። አባቴ ከዚያ በኋላ እርጥብ ቅርንጫፍ እንዴት እንደሚያዝ ያሳየን ነበር፤ አያወናጭፉትም፣ ፍንጣሪ ይበትናልና፤ ከነበልባሉ ሥር መትቶ ጥቂት መጫን ነው።

በመስከረም 1993 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ስለ እሳት አገር አቀፍ ጉባኤ ተደረገ። ከዚያ ከ18 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2011 ዓ.ም. በጋ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲቃጠል ግን የደባርቅና የጎንደር ወጣት ገደሉን የወጣው ዳግመኛ ቅርንጫፍ ይዞ ነው። ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከእስራኤል መጡ። በፓርኩ ውስጥ የነበሩት የግጭ መንደር ሰዎች ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደርገው ነበር። ቃጠሎው ከዚህ የተነሣ ነው አልልም፤ ማስረጃ የለኝም። ጭሱን በመጀመሪያው ሰዓት የሚያይ ዓይን ግን ቀንሶ ነበር።

ሌላ መንገድ አልተሞከረም እንዳይባል የዶዶላን ነገር ልጨምር። በአዳባና በዶዶላ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ የደን ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው፣ 360 ሄክታር ገደማ ለሚሆን ደን እስከ 30 አባወራ ውል ገብተው ተረከቡ። ኪራይ ይከፍላሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ይጠቀማሉ። ችግር የለበትም አልልም፤ ከማኅበሩ ውጭ የቀረው ጎረቤት ቅሬታ አለው። ቢሆንም ደኑ ሲጨስ ማን መጮህ እንዳለበት በስም ይታወቃል።

በዚህ በካምፓችን የከፋ፣ የኢሉባቦር፣ የባሌ፣ የሰሜን ሰዎች አሉ። በየመንደራችሁ እሳት ሲነሣ ማን ይጮህ ነበር? ምን ያህል ስፋት ይመነጠር ነበር? በየትኛው ሰዓት ይያዝ ነበር? የምታስታውሱትን ለዝግጅት ክፍሉ ንገሩን። መጻፍ የማይሆንላችሁ እናቶችና አባቶች ከትምህርት ቤቱ ዳስ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብትመጡ እኔ እጽፋለሁ። በሁለቱ የሸራ ረድፎች መካከል ያለውን ደረቅ ሣር ስለ መመንጠርም በዚያው እንነጋገራለን፤ ሁለት አካፋና አንድ ገጀራ ተገኝቷል።